ለጡረታና ለውርስ መዘጋጀት፦ ከካርታው እስከ ኑዛዜው

ስለ ጡረታ ሲወራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ብር ይበቃኛል ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይደለም። ቀድሞ መስተካከል ያለበት ወረቀቱ ነው። ባለቤቱ በሕይወት እያለ ማንም ያልጠየቀው የስም ስሕተት፣ ያልተመዘገበ ጋብቻ፣ በአያት ስም የቀረ ካርታ፣ እሱ ካለፈ በኋላ ቤቱንም የባንኩን ሒሳብም ለዓመታት ያስራል። በጎንደር ከተማ ደግሞ የብዙ ቤተሰብ ንብረት በአንድ ቦታ አይገኝም። ከተማው ውስጥ አንድ ግቢ ከነሰርቪሱ፣ ደምቢያ ወይም በለሳ የወላጅ መሬት፣ ባንክ ውስጥ ጥቂት ገንዘብ አለ፤ ከልጆቹም አንዱ ሁለቱ ውጭ አገር ናቸው። እያንዳንዱ በሌላ ሕግ፣ በሌላ ቢሮ ያልፋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከ45 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ይጠቅማል፤ ወላጆቹ ለሸመገሉበት ልጅም እንዲሁ።

ወረቀቱን አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ማውጣት

አንድ እሑድ ከሰዓት ይበቃል። ካርታውን፣ የሊዝ ውል ካለ እሱን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኞችን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የልጆችን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቅጥር ደብዳቤውን፣ የጡረታ መለያ ቁጥሩን፣ የባንክ ደብተሮቹን፣ የብድር ውሎችን፣ የእድር ደብተሩንና የፋይዳ መታወቂያውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከዚያ ስሞቹን ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ስሕተት እንዲህ ያለ ነው፦ ካርታው ላይ «ገብረሥላሴ» የተባለው አባት መታወቂያው ላይ «ገ/ስላሴ» ሆኗል፤ እናት በባንክ ደብተሯ የምትታወቀው በቤት ስሟ ነው፤ አንዱ ልጅ በትምህርት ማስረጃው ላይ የአያቱን ስም እንደ አባት ስም ይዟል። በፋይዳና በባንክ የላቲን ፊደል አጻጻፉ የተለያየ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ይህን ባለስሙ በሕይወት እያለ ለማስተካከል ማመልከቻና ማስረጃ ይዞ መቅረብ ነው። ካለፈ በኋላ ግን ወራሾቹ «ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» ብለው በፍርድ ቤት ማስረዳት አለባቸው፤ ምስክር ሆነው የሚቆሙት ጎረቤቶችም ያኔ አርጅተዋል ወይም ሰፈሩን ለቀዋል።

ጋብቻው በቁርባንም ሆነ በባህል የተፈጸመ ቢሆን በሕግ ጋብቻ ነው። ነገር ግን ባንክም ሆነ የጡረታ ቢሮ ማየት የሚፈልገው የተመዘገበበትን ወረቀት ነው። ዘግይቶም ቢሆን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። ለወደፊቱ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ያስቀመጣቸውን ጊዜዎች ያዙ፦ ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባሉ።

ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ቀጣዩ ነው። በሟች አያት ስም ከሆነ መጀመሪያ የአያትየው ውርስ ተጣርቶ ስሙ መዛወር አለበት፤ አባት ያልተዛወረለትን ቤት በኑዛዜ ቢሰጥ የሚሰጠው የክርክር መዝገብ ነው። የቀበሌ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ደግሞ ቤቱን ሊናዘዝ አይችልም፤ ተከራይ እንጂ ባለቤት አይደለም፣ 40 ዓመት ቢኖርበትም። ፒያሳና አራዳ አካባቢ ያሉ ቤተሰቦች ይህን እያወቁ የሚዘነጉት ነገር ነው፤ ያደሱትን ጣሪያና ያሠሩትን ኩሽና ቆጥረው ቤቱን የራሳቸው ያደርጉታል።

የገጠር መሬትም የራሱ መንገድ አለው። መሬቱ አይሸጥም፤ የሚተላለፈው የመጠቀም መብቱ ነው፣ እሱም በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ መሠረት። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም መኖሩን አረጋግጡ። ከተማ ተቀምጦ ደመወዝ የሚበላ ልጅ እዚያው ሞፈር ከሚጨብጠው እኩል እወርሳለሁ ብሎ እንዳይጠብቅ ቀድሞ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቢጠይቅ ብዙ ቅያሜ ይቀራል። የከተማውን ቤትና የገጠሩን መሬት በአንድ ኑዛዜ አለማደባለቅም ጥሩ ልማድ ነው፤ ሁለቱን የሚያስፈጽሙት የተለያዩ ቢሮዎች ናቸው።

የጡረታ አበሉን ዛሬውኑ ማስላት

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ይጨምራል። መደበኛው የመውጫ ዕድሜ 60 ነው። ወርሃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን በአንድ ጊዜ ተከፍሎ ያበቃል።

ስሌቱ ቀላል ነው። መነሻው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የዚህ 30 በመቶ ይታሰባል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ለምሳሌ አማካይ ደመወዟ 12,000 ብር የሆነ፣ 30 ዓመት ያስተማረች መምህርት፦ 30 በመቶ፣ ሲደመር 20 ዓመት በ1.25 ሲባዛ 25 በመቶ፣ በድምሩ 55 በመቶ፤ አበሏ በወር 6,600 ብር ይሆናል። አንድ ዓመት ብትጨምር በወር 150 ብር ይጨመርላታል።

አማካይ የሚለውን ቃል አትለፉት። ደመወዙ 10,000 የነበረ ሰው በመጨረሻው ዓመት ዕድገት አግኝቶ 13,000 ቢገባ፣ የሚታሰብለት 13,000 ሳይሆን የ36 ወሩ አማካይ 11,000 ነው። ስለዚህ ዕድገት ወይም የደረጃ ለውጥ የሚጠበቅ ከሆነ ከ57 ዓመት በፊት ቢገኝ ነው ሙሉ በሙሉ የሚጠቅመው።

በግል ድርጅት ለሠራ ሰው ነገሩ ጠበብ ይላል። የግል ሠራተኞች ጡረታ የመጣው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት በሆቴል፣ በጋራዥ ወይም በወፍጮ ቤት የተሠራው ዘመን ለአብዛኛው ሠራተኛ በአገልግሎትነት አይቆጠርም። ከሐምሌ 2003 ጀምሮ ሳያቋርጥ የተከፈለለት ሰው በሐምሌ 2018 ላይ 15 ዓመት ይሞላዋል፤ ያም 36.25 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዙ 12,000 ከሆነ 4,350 ብር። ይህም ቀጣሪው የቆረጠውን በእርግጥ ገቢ ካደረገ ነው። ከደመወዝ እየቆረጠ ገቢ የማያደርግ ቀጣሪ ስላለ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ በመለያ ቁጥራችሁ ስንት ወር እንደተመዘገበ ጠይቁ። ጉድለት ካለ ድርጅቱ ሳይዘጋና የደመወዝ መዝገቡ ሳይጠፋ መታረም አለበት። የደመወዝ ሰሌዳ ቅጂና የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚሰበሰበውም ሥራ በተለቀቀ ሳምንት ነው፤ በ60 ዓመት ተመልሶ የፈረሰ ድርጅት መፈለግ አይሆንም።

ተጧሪው ሲሞት አበሉ ለተተኪዎች ይተላለፋል። ለባል ወይም ለሚስት ግማሹ፣ ዕድሜው 18 ላልሞላ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ነው። ከላይ ባለው የመምህርቷ ምሳሌ ባልየው 3,300 ብር፣ ልጅ ካለ ልጁ 1,320 ብር ያገኛሉ ማለት ነው። ይህ ገንዘብ የውርስ ንብረት ስላልሆነ በኑዛዜ ለሌላ ሰው መስጠት አይቻልም። ሕጉ ለለያቸው ሰዎች በቀጥታ የሚሄድ ነው። እነሱ ግን ጋብቻውንና ልደቱን በወረቀት ማሳየት አለባቸው፤ የእሑዱ ከሰዓት ሥራ እዚህ ይከፍላል።

የቀረውን ጉድለት የሚሞላ ገቢ

ከአበሉ ቀጥሎ የቤቱን የወር ወጪ ጻፉ። እህል፣ መድኃኒት፣ መብራትና ውኃ፣ የእድርና የማኅበር፣ ለበዓል የሚወጣው ለ12 ተካፍሎ፣ ለዘመድ የሚላከው። ከእጅ የሚያመልጡት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ድምሩ 15,000 ብር ቢሆንና አበሉ 6,600 ቢሆን፣ ጉድለቱ በወር 8,400 ነው። ይህ የዛሬው ቁጥር ነው። ዋጋ በዓመት 10 በመቶ እየጨመረ ቢሄድ እንኳ ዛሬ በ15,000 ብር የሚኖረው ቤት ከ10 ዓመት በኋላ 39,000 ብር ገደማ ይፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ላስታወሰ፣ 10 በመቶ የዋህ ግምት ነው።

እንግዲህ የቁጠባ ሒሳብ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ በሆነበት አገር የዕድሜ ልክ ጥሪትን በተራ ቁጠባ ማስቀመጥ እያዩ ማሳነስ ነው። ባንክ የሚቀመጠው የስድስት ወር ወጪ ነው፤ በምሳሌው 90,000 ብር። ለሕመም፣ ለለቅሶ፣ ለድንገተኛ ጥገና ይውላል። ወለድ የማይፈልግ ሰው ከወለድ ነፃ አገልግሎት በሚሰጥ ባንክ ያስቀምጣል። ከዚያ በላይ ያለው በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ቢሆን ወለዱ ይሻላል፤ ዋናው ድርሻ ግን ኪራዩ ወይም ዋጋው ከገበያው ጋር አብሮ ወደሚወጣ ነገር መሄድ አለበት። ዕቁብ ለዚህ ማጠራቀሚያ መንገድ ነው እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። ለጡረታ የሚገባ ሰው ዕጣው በመጨረሻ ቢደርሰው ይጎዳል፣ ሰብሳቢው ቢጠፋ ደግሞ ከሥር ይነቀላል፤ ስለዚህ ዕቁቡ ከ60 ዓመት በፊት ተጠናቆ ወደ ንብረት መቀየር አለበት።

በጎንደር ለተራ ቤተሰብ የሚቀርበው ንብረት የሰርቪስ ክፍል ነው። ማራኪ፣ አዘዞና ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያለ ግቢ ተከራይ ያገኛል። ስሌቱ ላይ ግን ሰው ራሱን ያታልላል። ሦስት ክፍል ያለው ሰው የሦስቱን ኪራይ በ12 ያባዛል። ተማሪ ተከራይ በክረምት ይወጣል፤ ስለዚህ በዘጠኝ ወይም በአሥር ወር አባዙ። ከዚያ ላይ የኪራይ ገቢ ግብሩን፣ የጉድጓድ ማስመጠጫውንና የቆርቆሮና የቀለም ጥገናውን ቀንሱ። የከተማው ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ግቢ ተከራይ አይበረክትለትም፤ ከክፍል ብዛት በፊት የውኃ ማጠራቀሚያውን ማስቀደም ይሻላል፣ ከ1,000 ሊትር ያላነሰ። ሮቶው የሚያርፍበት መቆሚያ በብሎኬትና በኮንክሪት ቢሠራ ይመረጣል፤ እንጨት ሁለት ክረምት ሳይሞላው ይበሰብስና 1,000 ኪሎ ክብደት ይዞ ይዘማል።

ክፍሎቹ የግንባታ ፈቃድ ይኑራቸው። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሰርቪስ ኪራይ ያስገባል፤ ለባንክ መያዣነት ሲቀርብ ወይም ወራሽ ስሙን ሲያዛውር ግን ካርታውና በቦታው የቆመው ነገር አይገጥሙም። ለግንባታው ብድር ከተወሰደ የመጨረሻው ክፍያ ከጡረታ መውጫው ወር በፊት እንዲያልቅ አድርጉ። ቤትን በወለድ አገድ፣ ማለትም አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት በወለዱ ፈንታ እንዲጠቀምበት ሰጥቶ ገንዘብ መውሰድም የተለመደ ነው፤ ለወጣት ነጋዴ ሊሆን ይችላል፣ ለ65 ዓመት ሰው ግን ገቢ የሚያመጣውን ክፍል ለሌላ አሳልፎ ሰጥቶ ዕዳውን ይዞ መቅረት ነው።

የሕክምና ወጪን በተመለከተ፣ መደበኛ ቅጥር የሌላቸው ቤተሰቦች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑን በየዓመቱ በምዝገባው ወራት ያድሱ። ወራቱ ካለፉ በኋላ ታምሞ ካርድ መፈለግ አይሠራም።

ኑዛዜ ከሌለ ማን ይወርሳል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዛሬም ውርስን ይገዛል። ኑዛዜ ሳይኖር የሞተ ሰው ንብረት በመጀመሪያ ለልጆቹ በእኩል ይከፋፈላል፤ ወንድ ሴት፣ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ወይም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ብሎ ልዩነት የለም። ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ የእሱ ልጆች በእሱ ቦታ ይገባሉ። ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ ወላጆች ይመጣሉ።

ሚስት ወይም ባል በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ሚስት የጋራ ንብረቱን ግማሽ በጋብቻዋ ትወስዳለች፤ የሟቹ ግማሽ ግን ሙሉ በሙሉ ለልጆቹ፣ ልጅ ከሌለ ደግሞ ለአማቶቿ ይሄዳል። ልጅ ሳይወልዱ 35 ዓመት የኖሩ ባልና ሚስት ቤታቸው በባል ሞት ከባሏ ወገን ጋር የሚካፈለው በዚህ ምክንያት ነው። ባል ግማሹን ለሚስቱ በኑዛዜ ከሰጠ ግን ይጸናል። ስለዚህ ልጅ የሌላቸው፣ ወይም ከቀድሞ ትዳር ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ከማንም በፊት ኑዛዜ ያስፈልጋቸዋል።

ሙስሊም ቤተሰብ፣ ተከራካሪዎቹ ሁሉ ከተስማሙ፣ ውርሱን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስጨረስ ይችላል። በዚያ ሥርዓት ሚስት ወራሽ ናት፤ ልጅ ካለ ስምንተኛ፣ ከሌለ አራተኛ ታገኛለች፤ ወራሽ ላልሆነ ሰው በኑዛዜ የሚሰጠውም ከሲሶ አይበልጥም።

ኑዛዜውን መጻፍ

ሕጉ ሦስት ዓይነት ያውቃል። በቃል የሚደረገው ሞቱ እንደቀረበ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክር ፊት የሚናገረው ነው፤ በዚህ መንገድ ስለ ቀብር፣ ስለ ልጆች ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው መናዘዝ የሚቻለው፣ ተናዛዡ ከዳነም በሦስት ወር ይፈርሳል። ቤት በቃል አይተላለፍም። ለንስሐ አባት የተነገረ፣ በሽማግሌ ፊት የተባለ፣ በስልክ የተቀዳ ቃል ቤተሰቡን በኅሊና ሊያስር ይችላል፤ ፍርድ ቤት ግን ካርታ አያዛውርበትም።

ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ በእጁ የሚጽፈው ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የራሱ ጽሕፈት መሆን፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሳጥን ሥር ተደብቆ የሚከርመው ኑዛዜ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ሦስተኛው በግልጽ የሚደረገው ነው፤ ለቤትና ለቦታ እሱን እንመርጣለን። ተናዛዡ ወይም ሌላ ሰው ይጽፈዋል፤ ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ እዚያው ላይ ይጻፋል፤ ሁሉም ወዲያውኑ ይፈርማሉ ወይም ጣት ያትማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። አጭር ምሳሌ፦

«እኔ ተናዛዥ …፣ ዕድሜዬ 68፣ አድራሻዬ ጎንደር ከተማ … ክፍለ ከተማ … ቀበሌ የቤት ቁጥር …፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ አድርጌአለሁ። በካርታ ቁጥር … በተመዘገበው 200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያለው ቤት የእኔና የባለቤቴ የወ/ሮ … የጋራ ሀብት ነው። የእኔ ድርሻ ከሆነው ግማሽ ውስጥ እኩሌታውን ለባለቤቴ፣ ቀሪውን ለልጆቼ ለ… ፣ ለ… እና ለ… በእኩል አውርሻለሁ። የውርሱ አጣሪ አቶ … እንዲሆኑ መርጫለሁ። ይህ ኑዛዜ እኔና ስማቸው ከታች የተመለከተው አራት ምስክሮች በአንድነት ባለንበት ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. ተነቦ ሁላችንም ወዲያውኑ ፈርመንበታል።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ከሌለች ኑዛዜው ይፈርሳል። አራቱ ሰዎች በእርግጥ አብረው ተቀምጠው ቢሰሙም፣ መነበቡ ካልተጻፈ ሕጉ እንዳልተነበበ ይቆጥረዋል። ሌላው የተለመደ ውድቀት ሦስቱ ቤት ውስጥ ፈርመው አራተኛው በማግሥቱ ሱቁ ድረስ ተወስዶለት ሲፈርም ነው። ከዚህ በተጨማሪ፦

— ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አይናዘዙም። አብረው የፈረሙበት የጋራ ኑዛዜ አይጸናም፤ ሁለት የተለያየ ወረቀት ይዘጋጅ።
— ባል የቤቱን ሙሉ ለልጅ አውርሻለሁ ቢል የሚያወርሰው የራሱን ግማሽ ብቻ ነው። ካርታው በእሱ ስም ብቻ መሆኑ ነገሩን አይለውጠውም፤ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው።
— ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር አይሁን። ምስክሮቹ ከተናዛዡ በዕድሜ ቢያንሱ ይመረጣል፤ አራት የ80 ዓመት ሽማግሌ መሰብሰብ ለክብር ያምራል፣ ለፍርድ ቤት ግን አይደርስም።
— ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው ምክንያቱ በኑዛዜው ላይ ሲጻፍ ነው። «አልታዘዘኝም» ብቻ ከማለት ምን እንዳደረገ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ፍርድ ቤቱ ምክንያቱ በቂ መሆኑን ይመዝናል።
— ስርዝ ድልዝ ካለ አዲስ ይጻፍ። ሁለት ገጽ መገልበጥ ከሁለት ዓመት ክርክር ይቀላል።
— ተናዛዡ በጣም የሸመገለ ወይም የታመመ ከሆነ በዚያው ሳምንት ስለ አእምሮው ሁኔታ የሐኪም ማስረጃ ይያያዝ።

የተዝካሩን ነገርም እዚያው መጻፍ ይቻላል። ከዚህ መጠን አይበልጥ ብሎ ጣሪያ ማስቀመጥ የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ልጆች ቢያሳንሱት የሰው አፍ አያስቀምጣቸውም። ኑዛዜው በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት፣ አንዱ አጣሪው ዘንድ፣ አንዱ ቤት ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ልጅ ሲወለድ፣ ፍቺ ሲኖር፣ ቤት ሲሸጥ ወይም ሲገዛ እንደገና ይታይ፤ ለትዳር አጋር የተሰጠ በፍቺ ይፈርሳል፣ ከኑዛዜው በኋላ የተወለደ ልጅም ስጦታዎቹን ሊያናጋ ይችላል።

በሕይወት እያሉ መስጠትና ውክልና

አንዳንድ ወላጅ ከኑዛዜ ይልቅ ቤቱን አሁኑኑ ለልጅ ማዛወር ይመርጣል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜን ፎርም መከተል አለበት፤ ማለትም መነበብ፣ አራት ምስክር፣ ወዲያው መፈረም። ይህን ለመሸሽ ሳይከፈል ተከፈለ ብሎ የሽያጭ ውል መዋዋል አለ፤ ሌሎቹ ልጆች የይስሙላ ነው ብለው ሲከራከሩ የሚጎዳው ያው የተሰጠው ልጅ ነው። ምክራችን ቤቱን በሕይወት አለመስጠት ነው። የግድ ከሆነም ወላጆች እስከ ዕለተ ሞታቸው የመኖርና ኪራይ የመሰብሰብ የአላባ መብት እንዳላቸው በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ልጁ ቢሞት ወይም ቢፋታ እናት በምራት ፈቃድ እንዳትቀመጥ።

ዐይን ሲደክምና እግር ሲከብድ ውክልና ይጠቅማል። ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ጉዳዩ ተለይቶ የተጠቀሰበት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ በልማድ የሚሰጠው ሁሉን አጠቃሎ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚለው ቅጽ ለአረጋዊ አደገኛ ነው። ለጡረታ መቀበያና ለኪራይ መሰብሰቢያ ብቻ የተወሰነ ውክልና ስጡ። ወካዩ ሲሞት ውክልናው በዚያው ያበቃል። ከቀብር በኋላ በውክልና ከባንክ ገንዘብ ያወጣ ልጅ፣ ለተዝካር ያዋለው ቢሆን እንኳ፣ ለሌሎቹ ወራሾች ተጠያቂ ነው።

ከሞት በኋላ ያለው ቅደም ተከተል

እድሩ የቀብሩንና የለቅሶውን ያሟላል። ከዚያ በኋላ ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ብዙ ቅጂ አንሡ፤ ባንክ፣ ጡረታ ቢሮ፣ ፍርድ ቤትና ማዘጋጃ ቤት እያንዳንዳቸው ይጠይቃሉ። ለተተኪዎች የጡረታ አበል የሚቀርበው ማመልከቻ ውርሱ እስኪያልቅ መጠበቅ የለበትም፣ ጎን ለጎን ይሂድ። በሟች ስም አበል መቀበል መቀጠል ግን መልሶ ያስከፍላል።

ወራሾቹ ለወረዳ ፍርድ ቤት አመልክተው የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ፤ የሞት ማስረጃው፣ የልደት ወረቀቶቹና ምስክሮች ይቀርባሉ፤ ኑዛዜ ካለ እሱም። አንድ ልጅ ሆን ብሎ ከማመልከቻው ቢዘለል ማስረጃው በኋላ ይሰረዛል፣ ወጪውም ሁለት ጊዜ ይሆናል። ከንብረቱ ላይ ቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የማጣሪያው ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ነው፤ ክፍፍሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቤቱ የማይከፈል ትንሽ ግቢ ከሆነ አንዱ ወራሽ ለሌሎቹ ድርሻቸውን በገንዘብ ሰጥቶ ቢያስቀረው ይሻላል፤ ግምቱን በጽሑፍ ያዙ፣ ክፍያውም በባንክ ይሁን።

ውጭ ያሉ ልጆች በአቅራቢያቸው ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና ይላኩ፤ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ስላለበት ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ለቀብር ሲመጡ እዚሁ ፈርመው ቢሄዱ ይቀላል። ያለ አግባብ ንብረቱ የተያዘበት ወራሽ መብቱንና መያዙን ካወቀ ጀምሮ ባሉት 3 ዓመታት ውስጥ ካልከሰሰ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ ሊታገድ ይችላል። «ወንድሜን አልከስም» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቢያንስ የጋራ መሆኑን የሚገልጽ፣ ሁሉም የፈረሙበት የስምምነት ወረቀት በዓመቱ ውስጥ ይያዝ፤ በውስጡም ቤቱን ማን እንደሚያስተዳድር፣ ኪራዩ በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍልና ክፍፍሉ መቼ እንደሚሆን ተጽፎ በሰነድ አረጋጋጭ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ።